ኢኽላስ ከጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመች ዕለት

ኢኽላስ አል-ጠይብ ሠራተኛ ስትቀጥር ጥያቄዋ አንድ ነበር። «ጉድጓዱን ትፈራለህ?»

«እኔ? ወንድ ልጅ ምን ይፈራል!» ያለ ሁሉ በመጣበት እግሩ ይመለሳል። እኔን አልጠየቀችኝም። እሷ ኢንጂነር ሆና ስትመጣ እኔ ኦምዱርማን ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የሠራሁ ፎርማን ነበርኩ። ብትጠይቀኝ ኖሮ እዋሻት ነበር።

አባቷ አል-ጠይብም የእኛው ሰው ነበር። ከቆዳ ላይ ፀጉር የሚያረግፈው መድኃኒት እጣቢ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ አለ፤ ትነቱ ሰው ይገድላል። አንድ ቀን አንድ ሠራተኛ እዚያ ገባና ጮኸ። በእኛ አገር ጩኸት ሰምቶ የቆመ ወንድ ጢሙን ይላጭ ይባላል። አንዱ ዘሎ ገባ፤ አልወጣም። አል-ጠይብ ተከተለ። ሦስቱንም በአንድ ቀን ቀበርናቸው። ሴቶቹ «የእህቶቹ ወንድም!» እያሉ ጀግንነቱን ሲያወድሱ ዋሉ። ኢኽላስ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በኋላ እንዳጫወተችኝ፣ ያን ቀን የሙገሳው ድምፅ በጨመረ ቁጥር እሷ ትንቀጠቀጥ ነበር።

ኬሚካል ምህንድስና ተምራ ስትጨርስ እናቷ ሐጃ በቱል አለቀሱ። «ሽቶ ፋብሪካ ጠፍቶ ነው? ስኳር ፋብሪካ ጠፍቶ ነው? አባትሽን የበላው ጉድጓድ ይሻልሻል?»

«ሌላ ቦታ ብሠራም እሱ ያው ክፍቱን ነው፣ እማ። እንቅልፍ አይሰጠኝም።»

ከአሮጌ የቤት ማቀዝቀዣ ሞተር ፈትታ፣ ረጅም ቱቦ ገጥማ፣ ንጹሕ አየር እታች ድረስ የሚነፋ ማራገቢያ ሠራች። ገመድ ወገቡ ላይ ሳያስር ማንም አይወርድም አለች። የካርቱም መሐንዲሶች ሲሸልሟት መድረክ ላይ «በጣም ስለምፈራ ነው የሠራሁት» አለች። አዳራሹ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ከእነሱ ላለማነስ።

ከዚያ የዓረፋ ማግስት መጣ። የከተማው የእርድ ቆዳ ሁሉ እኛ ግቢ ተከምሯል። ብቸኛ ወንድሟ ባቢኪር፣ እሱም የእኛው ሠራተኛ፣ ጉድጓዱ ውስጥ በፀጉር የተደፈነውን ፓምፕ ሊጠርግ ተነሣ። ገመዱን ሲያስር የሥራ ጓደኞቹ ተንጫጩበት።

«ባቢኪር! እህትህ እንደ ዓረፋ በግ አሰረችህ?»

«ማን ይጎትትሃል? ወደ ቢላዋው ነው?»

እየሳቀ ገመዱን ፈቶ ጣለውና ወረደ። በዚያው ቅጽበት ላይኛው ክፍል ያለ ሰው፣ ሳያውቅ፣ የአሲድ እጣቢ ወደ ጉድጓዱ በሚወርደው ቦይ ለቀቀ፤ ሁለቱ እጣቢዎች ሲገናኙ ማራገቢያው የማይችለው መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። የገማ እንቁላል ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ወዲያው ጠፋ። ሲጠፋ ነው የሚያስፈራው፤ አፍንጫ ከሞተ ባለቤቱም አይቆይም። ባቢኪር አንዴ ጮኸ።

ስምንት ሆነን ሮጥን። ኢኽላስ ቀድማን ደርሳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች፤ የቆዳ መንጠቆ ጨብጣለች።

«ወደ ኋላ! የጋዝ ጭምብሉን ከመጋዘን አምጡ!»

«ኢኽላስ፣ ወንድምሽ እኮ ነው!» አልኩ።

«አውቃለሁ፣ ጋሽ ሲር አልኸቲም። አንድ እርምጃ ብትጨምር እግርህን እሰብረዋለሁ።»

«ልብ የላትም! ጢማችንን አስላጨችን!» እያሉ ሰደቧት። እኔም ተሳደብኩ። ነገር ግን እውነቱን ልናገር፦ መውረድ አልፈለግኩም። መንጠቆውን ሳይ ውስጤ «ተመስገን» አለ።

ጭምብሉ ሲመጣ ለማንም አልሰጠችም። ራሷ አጠለቀችው፣ ገመዱን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ለእሱ ሌላ ገመድ ይዛ ወረደች። እየጎተትን መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እሷን አወጣን። ባቢኪር ሞቷል። ዶክተሩ ገና ሲወድቅ እንዳለቀለት ነገረን።

በሦስተኛው ቀን ሐጃ በቱል ስምንታችንንም ከለቅሶው ድንኳን አስጠሩን። ኢኽላስ ግድግዳው ሥር አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

«ልጄን ልታወጡ ስትሉ ይቺ ናት የከለከለቻችሁ?»

በዕድሜ ትልቁ እኔ ነበርኩና የሐጃ ዓይን እኔ ላይ አረፈ። ኢኽላስም ቀና ብላ አየችኝ። ያኔ የያዘኝ ፍርሃት ከጉድጓዱ የባሰ ነበር። ሰባት ወንዶች እየሰሙኝ «ፈርቼ ነበር» ማለት ነበረብኝ፤ ሁለት ቃል ነው።

«አዎ ሐጃ» አልኩ። «እሷ ባትይዘን እናወጣው ነበር።»

ሐጃ በቱል ፊታቸውን ከልጃቸው አዞሩ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፣ ቃል አልተነፈሱላትም። እኔ አርብ አርብ እየሄድኩ እጃቸውን እስማለሁ፣ ሻይ ይሰጡኛል፣ ይመርቁኛል፣ እመለሳለሁ። እስካሁን አልነገርኳቸውም።