ሐዘን ቤት ውስጥ የተማርኩት ዘፈን

ባለቤቴ ኪቦርዱን የገዛልኝ አርባ ዓመት ሲሞላኝ ነው። መቱ ከተማ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ እንጂ ከሙዚቃ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር አልነበረም። ግን በተማሪነታችን ከካሴት እየሰማን የተዋደድንበት አንድ ዘፈን ነበር። «እሱን ብቻ መጫወት ብችል ሌላ አልፈልግም» እለው ነበር። ለካ ልብ ብሎኛል፤ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሲመለስ ረጅም ካርቶን ተሸክሞ ገባ። መማር ሳልጀምር ታመመ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

ከመቱ ብዙም በማትርቀው ቡሬ ይኖሩ የነበሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ለለቅሶ መጥተው በዚያው እኔ ዘንድ ቀሩ። ልጅ አልወለድንም፤ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ሁለታችንም በጥቁር። ቴሌቪዥኑ ተሸፈነ፣ ሬዲዮ መክፈት ቀረ። ዓመቱ እስኪወጣ ሐዘን ቤት ውስጥ ዘፈን እንደማይሰማ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም ነበር።

ሆኖም ከጥቂት ወራት በኋላ ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ሳብኩት። ገበያው አጠገብ የስልክ ዕቃ የሚሸጥ፣ ሰርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ሊያስተምረኝ ተስማማ። ሚስቱ አጠገባችን ልብስ ትሰፋለች። ጥቁር ልብሴን አይቶ አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

ዜማውን በቀኝ እጄ ቶሎ ያዝኩት። ግራዬ ሲጨመር ግን ሁሉም ይፈርሳል። አዝማቹ ላይ ግራ እጅ ቦታ መቀየር አለበት፤ እዚያ ስደርስ ጣቶቼ እንደ እንጨት ይደርቃሉ።

«አይቸኩሉ እትዬ፤ ግራው አስቀድሞ ይሂድ፣ ቀኝዎ ይደርስበታል» ይለኛል።

ቤት ውስጥ የምለማመደው በሬን ዘግቼ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነበር። ድምፁ ለእኔ ብቻ ነው፤ ቁልፎቹ ግን ሲነኩ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። አንድ ቀን ራት ላይ አማቴ፣ «ግድግዳው ውስጥ አይጥ ገብቷል። ማታ ማታ ይቧጥጣል። መርዝ ግዢልኝ» አሉ። «እሺ እማማ» አልኳቸው። በማግስቱ መርዙን ገዛሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዋልኩ፣ አልሰጠኋቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት አዝማቹ ላይ እየታገልኩ ሳለ ቁልፎቹ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ስል አማቴ መጥረጊያ ጨብጠው ቆመዋል። አይጡን ሊገድሉ ነበር የመጡት።

«ማል ኩኒ? ምንድነው ይሄ?» አሉ። እንዲህ ሲደነግጡ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል።

«እየተማርኩ ነው፣ እማማ።»

«ምን?»

ሌላ ቃል አልመጣልኝም። «ዘፈን» አልኩ።

«ልጄ ዓመት ሳይሞላው? በገዛ ቤቱ?»

«ድምፅ የለውም። ማንም አይሰማውም።»

«አንቺ ትሰሚያለሽ» አሉኝና በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ከሰላምታ ሌላ አላናገሩኝም። ጎረቤቶች ሊያጽናኑን ሲመጡ አማቴ አሁን ይነግሩብኛል እያልኩ አፍ አፋቸውን አያለሁ። አንዷ፣ «ያ የነገሩን አይጥስ እንዴት ሆነ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ዞር ብለው አዩኝ። «ሄዷል» አሉ።

ኪቦርዱን ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት። ጣቶቼ ግን አላረፉም፤ ተማሪዎቼን እየፈተንኩ ሳላውቀው ጠረጴዛውን እደበድባለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አማቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ለምን ተውሽው?»

«እርስዎ አልወደዱትማ።»

«አዎ፣ አልወደድኩትም። ተዪው ግን አላልኩሽም። እስቲ ልስማው።»

ኪቦርዱን አውጥቼ ማዳመጫውን ሻሻቸው ላይ አደረግኩላቸው። አሁን እኔ የምሰማው የቁልፎቹን ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው፤ ልክ ልሁን ልሳሳት የማውቀው ከፊታቸው ነበር፣ ፊታቸው ደግሞ ምንም አይልም። አዝማቹ ጋ ስደርስ ግራዬ ሳተ፣ ቆምኩ።

ማዳመጫውን አወለቁና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «እሱ ጢሙን ሲላጭ የሚያፏጨው ነው አይደል?»

«እሱው ነው።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ያለቅሳሉ ብዬም ጠበቅኩ። «ዓመቱ እስኪወጣ እንዲሁ በጆሮሽ ይሁን። ሰው አይስማሽ፣ ኢንተላ ኮ» ብለው ተነሡ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከዚያን ቀን በፊት እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

ዓመቱ ወጥቶ ጥቁሩን ስናወልቅ በድምፅ ተጫወትኩት። አዝማቹን በዝግታ አለፍኩት፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ። አማቴ ደጅ ላይ የተሰጣውን ቡና ያገላብጡ ነበር፤ እስክጨርስ እጃቸው አላቋረጠም። ስለ ዘፈኑ አልጠየቅኋቸውም። ቅር ብሏቸው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።