ያጋቡት አባቴ፣ የማፋታው እኔ

አባቴ ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ስልክ ጠልተዋል። እኔ አሜሪካ፣ አርሊንግተን ካለው ቢሮዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ እጮሃለሁ፤ እሳቸው ደብረ ብርሃን ሆነው «እ? ማን ሞተ?» ይላሉ። አንድ ቀን ከጎኔ ያለው ቢሮ የሰው ግብር የሚሞላው ሠራተኛ በሬን አንኳኩቶ «ደህና ነህ? ሰው ልጥራልህ?» ብሎኛል። ከዚያ በኋላ በደብዳቤ ሆነ። ጽፈው በስልክ ፎቶ አስነስተው እንዲልኩልኝ ብለምናቸው «ፖስታ የሌለው ደብዳቤ ወሬ ነው» ብለው መለሱልኝ፤ ያንንም በፖስታ አሽገው።

ፖስታ ስል ፖስታ ቤት ማለቴ አይደለም። አባቴ የሚያምኑት መንገደኛ ነው። የእኛ መንገደኛ ፍሪስኮ የምትኖር የአገራችን ልጅ፣ ነርስ ናት፤ የታመሙ እናቷን ለማየት ትመላለሳለች። ስትመለስ ትደውልልኛለች። «ሄሎ፣ የጋሼ ደብዳቤ መጥቷል፤ ሶ፣ ዊክኤንድ ላይ ና ፒክ አድርገው።» ፒክ አድርጎ መሄድ የሚባል ነገር ግን የለም። በር ላይ ተቀብሎ መመለስ ነውር ነው። እገባለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እበላለሁ፣ «ምነው ከሳህ?» እባላለሁ፣ እስካሁን ሚስት ያላገባሁበት ምክንያት ይመረመራል፤ ፖስታው ቴሌቪዥኑን ተደግፎ ይጠብቀኛል። አንዲት ወረቀት ለመቀበል ቅዳሜዬ ያልቃል። ይህ ሁሉ ያናድደኛል፤ ባይመጣ ግን የባሰ እንደምናደድ አውቃለሁ።

አባቴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ከተማው ግን የሚያውቃቸው በሽምግልናቸው ነው። ልጁን ሊድር የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ስንት ደጅ ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው ጠይቀዋል። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የእኔ የምርቃት ፎቶ አንድ ጥግ ይዟል፤ የቀረውን የሞሉት እሳቸው ያጋቧቸው ሙሽሮች ናቸው። ባልና ሚስቱ ሲጣሉም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ካጋቧቸው ውስጥ የተፋታ የለም፤ በዚህ ይኮራሉ። የእኔ እንጀራ ደግሞ ፍቺ ነው። ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቃቸው «ጠበቃ ነው» ብለው ወሬ ይቀይራሉ እንጂ የምን ጠበቃ እንደሆንኩ አይናገሩም።

አንድ ቀን ግራንድ ፕሬሪ ከተማ መጋዘን ውስጥ የምትሠራ ሴት የሥራ ጃኬቷን እንደለበሰች ቢሮዬ መጣች። የከተማችን ልጅ ናት። ከመቀመጧ በፊት «አባትህ ደህና ናቸው?» አለችኝ፤ እኔ የወጉ ሰላምታ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ የነገረችኝን አልጽፍም። እዚህ የምጽፈው በግልጽ ችሎት የተነገረውንና እኔና አባቴ የተጻጻፍነውን ብቻ ነው። ሰው ለጠበቃው የነገረው ከጠበቃው ጋር ይቀበራል። ሕጉ ስለሚያዝዘኝ ብቻ አይደለም፤ በሥራዬ ውስጥ ከልቤ የማምንበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። አንባቢ ቅር ቢለው ይቅርታ፤ ቀጥሎ እንደሚታየው ቅር ያለው አንባቢ ብቻ አይደለም።

የፍቺው ክስ ገባ፣ ሹፌር ለሆነው ባሏም መጥሪያው ደረሰው። ወሬው ግን ከመጥሪያው ቀድሞ ደብረ ብርሃን ገብቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ነርሷ ደወለች፤ ፍሪስኮ ሄድኩ፣ በላሁ፣ ተመረመርኩ፣ ፖስታውን ተቀበልኩ። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ከፈትኩት። እንደ ወትሮው ከላይ መሐል ላይ ትንሽ መስቀል አለች።

«ይድረስ ለውድ ልጄ። እኔ ከጆሮዬ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ያችን ልጅ ከእናቷ የጠየቅኳት እኔ ነኝ። ልጁ ጨዋ ነው፣ አደራዋን እኔ እወስዳለሁ ብዬ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። አንተ ያን ጊዜ አሜሪካ ገብተህ ነበርና አታውቅም። እኔ ያጋባሁትን አንተ ታፋታለህ? ሰውስ ምን ይለኛል? ሁለቱንም አስቀምጠህ አስታርቅ። ምን እንዳጣላቸውም ጻፍልኝ።»

ደሜ ፈላ። ያናደደኝ ልመናቸው አልነበረም፤ ያጋቧቸው እሳቸው መሆናቸውን ሳላውቅ ጉዳዩን መያዜ ነው። ደግሞስ ምን ብዬ ልመልስ? ሴትየዋን አውቃታለሁ ብል ጥፋት ነው፤ አላውቃትም ብል ውሸት ነው። ስንት ወረቀት ቀድጄ በመጨረሻ የጤናቸውን ነገር ጠይቄ፣ ከሥር «ስለዚህ ጉዳይ መናገር አልችልም» ብዬ ላክሁ። ምክንያቱንም አስረዳሁ፤ የጠበቃ ምስጢር ምን እንደሆነ፣ ባወጣው የጥብቅና ፈቃዴን እንደምነጠቅ፣ ሁሉንም።

መልሳቸው በሌላ መንገደኛ መጣ። «ለአባት የማይነገር ምን ነገር አለ? እኔ ገበና የማወጣ ይመስል! ስንት ሰው ጉድ ሆዴ ውስጥ ተቀብሮ እንዳለ ብታውቅ እንዲህ አትለኝም ነበር።» ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እሳቸው የሰው ምስጢር ስለሚጠብቁ እኔ የእኔን እንድነግራቸው ይፈልጋሉ።

በዚህ መካከል ባልየው ዝም አለ። መልስ የሚሰጥበት ቀን አለፈ፤ ጠበቃ አላቆመም፣ ችሎትም አልመጣም። ዳኛዋ እሱ በሌለበት ወሰነች፤ ደንበኛዬም የጠየቀችውን አገኘች። ወረቀቱን ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እኔም ኮራሁ። ለአባቴ ልጽፍ የማልችለው የመጀመሪያው ጥሩ ዜናዬ ነበር።

ኩራቴ አልቆየም። ባልየው ጠበቃ ይዞ ብቅ አለ፤ ውሳኔው ይነሣልኝ አለ። ከማመልከቻው ጋር ማስረጃ ብለው ያያያዙትን ወረቀት ስገልጥ የማውቀው የእጅ ጽሑፍ ነው። ሰማያዊ እስክሪብቶ። ከላይ መሐል ላይ ትንሽ መስቀል።

ደብዳቤው በችሎት ተነበበ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው እኔ አማርኛውን በአባቴ ድምፅ እሰማ ነበር። «ልጄ ጉዳዩን ይዞታል። ልጄ ከቃሌ አይወጣም። አንተ ፍርድ ቤት ሄደህ ነገር አታክርር፤ መልስም አትስጥ። በሽምግልና እንጨርሰዋለን፤ እስከዚያ ታገሥ።» ዳኛዋ ባልየውን ለምን መጥሪያውን ችላ እንዳለ ጠየቀችው። ግራ ገብቶት አያት። «ማለቴ፣ ሽማግሌው ጠብቅ አሉኝ፤ ጠበቅኩ» አለ።

ይህን የሚያምን የአሜሪካ ዳኛ የለም ብዬ ነበር። አመነችው። እኔ ራሴ አመንኩት። ማኅተም ያለበትን መጥሪያ ኪችን ካውንተር ላይ ጥሎ የሽማግሌ ደብዳቤ በደረት ኪሱ ይዞ የሚዞር የእኛ ሰው መሆኑን ፊቱን አይቼ ማወቅ አላቃተኝም።

ከዚያ እኔን ምስክር አድርገው አቆሙኝ። ጠበቃ ሆኜ በገባሁበት ችሎት ቃለ መሐላ ፈጸምኩ። የእጅ ጽሑፉ የአባትህ ነው ወይ? አዎ። ይህን እንዲጽፉ አዝዘሃቸው ነበር ወይ? የለም። አባትህ ስለ አንተ ሆነው ቃል መግባት ይችላሉ ወይ? አይችሉም። የአባትህ ቃል አንተን ያስገድድሃል ወይ? አያስገድደኝም። ባልየውን አጅበው የመጡት ሰዎች የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከእነሱ ውስጥ አባቴን የማያውቅ የለም። ሕጉ ልክ ነበር፤ መልሴም ልክ ነበር። ግን በሰው ፊት አባቴን ደጋግሜ ካድኩ፤ የጎደለው የዶሮው ጩኸት ብቻ ነበር።

በመጨረሻ ዳኛዋ ደንበኛዬን ጠየቀቻት። ጠበቃዋ የምስክር ወንበር ላይ ስለወጣ ሌላ ጠበቃ ብትይዝ ምን ይመስላታል? ሴትየዋ ቆመች። አስተርጓሚውን አላየችውም፤ እኔን እያየች በአማርኛ ተናገረች።

«እሱን የመረጥኩት የአባቱ ልጅ ስለሆነ ነው። ሽማግሌው ያሰሩትን ልጃቸው ይፍታልኝ ብዬ ነው። አሁንም በሽማግሌ ወረቀት መልሳችሁ ልታስሩኝ ነው?»

ውሳኔው ተነሣ። ነገሩ ሁሉ እንደ አዲስ እንዲጀመር ታዘዘ፤ እኔም ከጉዳዩ ወጣሁ። ያንን ደረቷ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መተላለፊያው ላይ ይቅርታ ልላት ስጠጋ «ኦኬ፣ ሥራ አለብኝ» ብላ አለፈችኝ። ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬን አጥቼ ዞርኩ፤ ለካስ አልፌው ነው የምሄደው።

ለነርሷ ደወልኩ። «አዎ፣ ሁለት ነበሩ እኮ!» አለች በደስታ። «አንዱን ላንተ፣ አንዱን ለእሱ ዴሊቨር አደረግኩ። ምነው፣ አልደረሰውም እንዴ?» ምን ልበላት? የሰው አደራ በሰላም አድርሳ ነበር።

ያን ምሽት ለአባቴ ጻፍኩ። እንደዚያ ጽፌላቸው አላውቅም። «እርስዎ ቃል ሰጡ፤ የከፈልነው እኔና አንዲት ሴት ነን። የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል፤ ይህ ግን ከእኔም አልፎ ሄዷል። ፍርድ ቤት ቆሜ አባቴ ስለ እኔ መናገር አይችሉም ብዬ ምያለሁ። ይህን ያስባሉኝ እርስዎ ነዎት። ከእንግዲህ ስለ ሥራዬ ለማንም አይጻፉ።» አሽጌ ላክሁት። ሲሄድ አልቆጨኝም፤ ዛሬም አልቆጨኝም።

መልሱ ብዙ ዘገየ። አባቴ ያኮረፉ መስሎኝ ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ስለ ሰው ወሬ አልጻፉም፤ ስለ ክብራቸውም አልጻፉም። «ተቆጥተሃል፤ እውነትህን ነው። እንድታስታርቃቸው አልለምንህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያች ልጅ በትዳሯ ደህና ነበረች ወይ? ከእናቷ የተቀበልኳት እኔ ነኝና ይህን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

ይህን ነበር መጀመሪያ መጠየቅ የነበረባቸው። እንቢ የሚባል ጥያቄ አልነበረም፤ እኔ ግን እንቢ ማለት ነበረብኝ። ጠበቃዋ ባልሆንም ምስጢሩ አይፈታም። ደህና ከነበረች ደህና ነበረች ማለት አልችልም፤ ካልነበረችም አልነበረችም ማለት አልችልም። ጠረጴዛዬን በቡጢ መታሁ፤ የግብር ሠራተኛው ከግድግዳው ወዲያ ሳል አለ። ከዚያ ያችኑ የፊተኛዋን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። «ስለዚህ ጉዳይ መናገር አልችልም።»

የመጨረሻውን ደብዳቤያቸውን የተቀበልኩት ባለፈው ቅዳሜ ነው። እዚያው ሶፋዋ ላይ ነው የከፈትኩት፤ ነርሷም ሳነብ ፊቴን አይታ ደግመህ ብላ አላለችኝም።

«ውድ ልጄ። ደህና ብትሆን ኖሮ ደህና ናት ለማለት ብዕር አይከብድህም ነበር። ስለዚህ ገብቶኛል፤ ምንም አልነገርከኝም፣ አትጨነቅ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንገቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ እናቷ ደጅ ሄድኩ። ልጅሽን ለማይሆን ሰው የሰጠሁብሽ እኔ ነኝ፣ ማሪኝ ብዬ ወደቅኩ። ብዙ ቆየች፤ በኋላ ድንጋዩን ራሷ አወረደችልኝ። ከእንግዲህ ለሽምግልና ከቤት አልወጣም። የሁለቱንም የሠርግ ፎቶ ከግድግዳው አውርጄዋለሁ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ባልየው ጥፋተኛ ይሁን አይሁን አባቴ የሚያውቁት አንድም ነገር የለም። ልጅቱ በትዳሯ እንደ ንግሥት ብትኖርም መልሴ ያው ነበር። እኔ አፌን የዘጋሁት ምንም እንዳይሰማ ነው፤ እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ አንገታቸው፣ የእኔን ዝምታ ድንጋይ አድርገው ተሸክመው በከተማው መሐል አለፉ። ልክ ነዎት ልላቸው አልችልም። ተሳስተዋል ልላቸውም አልችልም።

ቤቴ ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። ከላይ መሐል ላይ ትንሽ መስቀል አደረግሁ፤ ከዚህ በፊት አድርጌው አላውቅም። «ይድረስ ለውድ አባቴ» ብዬ ጻፍኩ። ልጽፈው የተፈቀደልኝን ፈልጌ አንድ ነገር ብቻ አገኘሁ።

«አባባ፣ አንገትዎን እንዴት አደረገዎት?»