ከቁስሉ ዙሪያ የተቆረጠ ሥጋ

አብዲቃድር የሳቢያን ሰፈር ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአንድ የአደን ድርጅት ጋር ቆላ እየወረደ፣ በፈቃድ አምባራይሌ የተባለውን የአጋዘን ዘር ለሚያድኑ የውጭ እንግዶች ዱካ ሲያወጣ ኖሯል። እንግዳው ቀንዱን ይወስዳል፤ ሥጋው የሠራተኛውና የአገሬው ነው። ሙስሊሙ ሥጋውን የሚበላው ግን እንስሳው ነፍሱ ሳትወጣ «ቢስሚላህ» ብሎ የሚያርድ ሰው ከደረሰ ብቻ ነው። ቢላዋ ይዞ የሚሮጠው አብዲቃድር ነበር።

ስለዚህ የጥይት ነገር ሲነሳ ዝም አይልም።

«እርሳስ ያለበት ይሁን» ይላል። «እርሳሱ ውስጥ ገብቶ ይፈረካከሳል፤ አምባራይሌው እዚያው ዘጭ ይላል፤ ሳይሞት እደርስበታለሁ። ሙሉ መዳብ የሆነው ግን ሳይበተን በስቶት ያልፋል፤ ሮጦ ሮጦ ገደል ውስጥ ይሞትብኛል።»

የድርጅቱ ኃላፊ ይትባረክ ከእሱ ቃል ወጥቶ አያውቅም።

ያረደ ሰው የራሱ ድርሻ አለው፤ ከቁስሉ ዙሪያ ያለው ሥጋ። ጥይቱ ራሱ ስለሚፈጨው ጥርስ አያስቸግርም። አብዲቃድር የጠቆረውን ደም ጠርጎ፣ በፌስታል ቋጥሮ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ለሆነችው ልጁ ለዱኒያ ያመጣላታል። «ብዪ፣ ደም ይሆንሻል» እያለ እስክትጨርስ አጠገቧ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ዱኒያ ስትበላ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ግራጫ ነገር ከአፏ አወጣች። ባሏ ኸባብ በአንድ ክሊኒክ የራጅ ባለሙያ ነው። ፍሬዋን በጥፍሩ ሲጫናት ተጨፈለቀች። ነገሩ አላምር ሲለው ያልበሰለውን ቀሪ ሥጋ ይዞ ወደ ክሊኒኩ ሊሄድ ተነሳ። አብዲቃድር ሳቀ።

«አቦ፣ የታረደ አምባራይሌ ምኑን አመመው ብለህ ነው ራጅ የምታነሳው?»

«ናና አብረን እንየው፣ አባ።»

ስክሪኑ ሲበራ የአብዲቃድር ሳቅ አፉ ላይ ደረቀ። ሥጋው ላይ አሸዋ የተዘራበት ይመስል ነጭ ነጠብጣብ ሞልቶበታል። ከቁስሉ አንድ ስንዝር ርቆ እንኳ አለ።

«አጥንት ነው በለኝ» አለ።

«ወላሂ እርሳስ ነው። ፍሬዋንም አይተሃታል» አለ ኸባብ። «እርሳስ ደም ውስጥ ይገባል፣ አባ። ከእናት ወደ ጽንስ ያልፋል። የሕፃን አእምሮ ይጎዳል።»

አብዲቃድር ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። አራት አደን፣ አራት ፌስታል። በገዛ እጁ።

ኸባብ ዱኒያን በባጃጅ ነይ ብሎ ደወለላት። እሷን ሲጠብቁ የአብዲቃድር ስልክ ጮኸ። ይትባረክ ነው።

«ጋሽ አብዲቃድር፣ እንግዶቹ ምን ዓይነት ጥይት ይዘን እንምጣ እያሉ ነው። ያው እርሳሱን ልበላቸው?»

«መዳብ በላቸው።»

«ምን? ይሮጥብኛል የምትለው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ይሩጥ። እኔም እሮጣለሁ።»

«በስልሳ ሦስት ዓመትህ! ሳትደርስበት ከሞተስ?»

«ጅብ ይብላው። እርሳስ የያዘ እንግዳ ካለ ሌላ ዱካ አውጪ ፈልግለት።»

ዱኒያ ስትደርስ ኸባብ አፉን ሊከፍት ሲል አብዲቃድር «እኔ ልንገራት» ብሎ ከለከለው። ሁሉንም አንድ ሳያስቀር ነገራት። ዱኒያ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ ጫነች።

«ስንት ጊዜ በላሁ?»

«አራት። አራቱንም ያበላሁሽ እኔ ነኝ።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ቀድማው ወደ ክሊኒኩ ሐኪም ክፍል ገባች። ሐኪሙ ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ እንደሚመረመር፣ ውጤቱም በአሥር ቀን እንደሚደርስ፣ እስከዚያ ለጽንሱ ክፉም ደግም መናገር እንደማይችል ነገራቸው።

ነርሷ መርፌዋን ስታዘጋጅ ዱኒያ ክንዷን ዘረጋች፤ «አባ፣ ያዘኝ» አለች። ያዛት።

«አንተ ሰውዬ» አለች ነርሷ ቀና ብላ፣ «የምወጋው እሷን ነው፤ ምነው አንተ ትንቀጠቀጣለህ?»

አብዲቃድር በሌላው እጁም ደርቦ ልጁን ያዛት።