እኔ ከተቀመጥሁ እሱ ይነሣል

ብዙ ተቀምጣችሁ ስትውሉ ከዳሌያችሁ እስከ ተረከዛችሁ እንደ እሳት የሚለበልብ ሕመም ይዟችሁ ያውቃል? ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ የስሜት ጅማት (ነርቭ) ጫና ሲያርፍበት እንዲህ ያደርጋል። አጎቴን ዕድሜ ልካቸውን አሠቃይቷቸዋል።

አጎቴ በቁስቋም መሪጌታ ነበሩ። በማኅሌት መካከል ሕመሙ ሲነሣባቸው መቋሚያቸውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው እያዛወሩ ቀስ ብለው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ካህናቱ «ምነው፣ አረፍ ቢሉ?» ሲሏቸው «እኔ ከተቀመጥሁ እሱ ይነሣል» ይላሉ። እኔም የጅማቱን መንገድ በጣቴ እያሳየሁ ሳብራራላቸው «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እሱን አስተምረው እንጂ!» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። በለቅሶ ቤት መደብ ላይ ተቀምጬ ስውል ያው ሕመም እኔን ያዘኝ። የቅርብ ዘመድ ለቀስተኛ ትቶ አይነሣም፤ ብቀመጥ እግሬ፣ ብነሣ ነውሩ። አላስቻለኝምና ከጥግ ተደግፎ የቀረውን መቋሚያቸውን ይዤ በግቢው መዞር ጀመርሁ።

ባለቤታቸው ከደጃፉ ሆነው «ምነው ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?» አሉኝ። ወዲያው መቋሚያውን ወደ ሌላው ብብቴ ሳዛውር አዩና ድምፃቸው ተሰበረ። ወደ ለቀስተኛው ዞረው «ተዉት፣ ይዙር። እሳቸውም እንዲህ ነበሩ» አሉ።

እግሬ ቀለል አለኝ፤ ልቤ ግን እስካሁን መቀመጫ አላገኘም።

እናንተም ሲይዛችሁ ችላችሁ አትቀመጡ። ተነሥታችሁ ቀስ እያላችሁ ተራመዱ፣ ክብደታችሁንም ከጎን ወደ ጎን አዛውሩ። ምነው የሚላችሁ ቢኖር የአጎቴን መልስ ስጡት።