ረጅሙ ሹካና ጎዶሎው ጆንያ

የሴልቦ መንደር ሰዎች ሲክስተንን ሲያሙ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ የሞተር ብስክሌቱ የፊት ጎማ ቡራኬ ተቀብሎ ሲጨርስ እሱ ገና ከበሩ ውጭ ነው ይላሉ። ቀልዱን ያወጣው ጎረቤቱ ኤቨርት ነው። የኤቨርት ሞተርም ሹካው፣ ማለትም የፊት ጎማውን የሚይዘው ጥንድ ቱቦ፣ ረጅም ነው፤ ከሲክስተን ግን ያንሳል። ይህም ኤቨርትን በየጸደዩ ያንገበግበዋል።

በረዶ በሚወርድበት ወራት የመንደሩ ወንዶች በየጎተራቸው ይከታሉ። ሹካው የሚገባበትን የሻንሲውን አንገት ቆርጠው፣ ወደ ኋላ አጋድመው ይበይዱታል፤ ሹካውንም ያስረዝማሉ። በረዶው ቀልጦ ሲወጡ ማን ከማን እንደረዘመ ሳይነገር ይታያል። ሹካውን አሳጥሮ ከጎተራ የወጣ ሰው ግን በሴልቦ ታይቶ አይታወቅም።

ሲክስተን ዕድሜውን በእንጨት መሰንጠቂያው በያጅነት የኖረ፣ አሁን በጡረታ ያለ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ቀጭን ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ጎተራውን ሲከፍት ስለ ጤናው፣ ስለ እጆቹና ስለ ሚስቱ ስለ ዮርዲስ ያመሰግናል። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ፈተና አያጣም። የእሱ ፈተና ባለፈው ዓመት የዕርገት ዕለት መጣ።

በዕርገት የአካባቢው ባለ ሞተሮች ሁሉ ተሰብስበው ያስቀድሳሉ፤ ከዚያም ከእንጨት የተሠራውን የደወል ማማ በሰው እርምጃ ፍጥነት ዞረው፣ በሴቷ ቄስ በአግኔታ ፊት ተባርከው ይሄዳሉ። ሲክስተን ዮርዲስን ከኋላው አስቀምጦ ማማውን ሊዞር ሲል መሪው በራሱ ወደ ጎን ወደቀ። ሞተሩም እንደ ተቆረጠ ጥድ ቀስ ብሎ ተከተለው፤ ሁለቱንም የቄሷ ቱሊፕ አበባ ላይ አስተኛቸው። ዮርዲስ ተነሳች፣ አፈሩን አራገፈች፣ የራስ ቁሯን እንኳ ሳታወልቅ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። መንገድ ላይ ሰላም ላሏትም በትሕትና አጸፋውን መለሰች።

«ሹካውን አሳጥረው» አለችው ቤት ሲደርስ።

«ዮርዲስ፣ ከዚያስ ጢሜን ብትላጪኝ ይሻላል።»

«እንግዲያው እግርህን ሳታወርድ ያንን ማማ የሚያዞርህ ሞተር እስካላበጀህ ድረስ ሁለተኛ ከኋላህ አልቀመጥም።»

ከተጋቡ ጀምሮ አንድም ዕርገት ያለ እሷ ሄዶ አያውቅም። ስለዚህ በረዶው ሲጀምር ነገሩን አምርሮ ያዘው። ጥፋቱ የት እንዳለ ያውቃል። የሻንሲው አንገት የተጋደመበትን መስመር በሲባጎ ተከትለህ እስከ ወለሉ ብትወርድ፣ ሲባጎው የሚያርፈው ጎማው መሬት ከሚነካበት ቦታ ፊት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት «ቅድሚያ» ይሉታል። ቅድሚያው ከልክ ሲያጥር ሞተሩ በፍጥነት ላይ መሪውን ያንቀጠቅጣል። ከልክ ሲረዝም አውራ ጎዳና ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ዝግ ሲል ግን መሪው ወደ ጎን ይወድቃል፤ ቱሊፕም ላይ ያስተኛል።

ሲክስተን ሹካውን ጫፉንም አልነካ። ይልቅ ቱቦዎቹን ጨምድደው የሚይዙትን ሁለት ማቀፊያዎች በሌላ ማዕዘን እንደገና ሠራቸው። ርዝመቱ እንዳለ ሆኖ ቅድሚያው አጠረ። የቀረው መለካት ነበር፤ ባዶ ሞተር ደግሞ ውሸታም ነው፤ የሚለካው ሰው ሲጫንበት ነው። በተለይ ንጥረቱን የሚውጠውን የኋላውን አሞርዛተር ለዮርዲስ ወገብ ሲል እንደ ፍራሽ ያለሰለሰው ስለሆነ፣ ጭነቱ በዛም አነሰም ልኩን ያዛባዋል።

«ለመሆኑ ስንት ትመዝኛለሽ?» አላት አንድ ቀን እራት ላይ።

ዮርዲስ ከመነጽሯ በላይ አየችው። «ምነው፣ ገዢ መጣ?»

ጥያቄው በዚያው ቀረ። ሲክስተን ሁለት ጆንያ ድንች አዘጋጀ፤ አንዱ በእሱ ቦታ፣ ሌላው በእሷ። የራሱን በሚዛን ሞላው። የእሷን በግምት ሞላ፤ ግምቱም የባል ግምት ነበር። ድንገት ገብታ ብታየውስ እያለ፣ የጎተራው በር ኮሽ ባለ ቁጥር ጥቂት ድንች ይቀንስ ነበር። በመጨረሻም በዚያ ጆንያ ለካ፣ ጆንያውን ከኋላው አስሮ ሜዳው ላይ ዞረ። ሞተሩ እንደ በግ ግልገል ታዘዘው። አመሰገነ።

የዕርገት ጠዋት ዮርዲስ የቆዳ ጃኬቷን ለብሳ ጎተራው ገባች። ሞተሩ ከጣሪያው ወራጅ በገመድ ተይዞ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሁለቱ ጆንያዎች ተከታትለው ተቀምጠውበታል።

«ይቺ ከኋላ ያለችው ማን ናት?»

ሲክስተን ጢሙን አሸ። «አንቺ ነሽ።»

ዮርዲስ ጆንያዋን በአንድ እጇ ብድግ አደረገቻት። «የቀረውን ሰውነቴን የት አደረግከው?»

«አክብሬሽ ነው።»

«እንዲህ እያከበርክ ነው ለካ አበባ ላይ የምትጥለኝ።» ጆንያዋን ወዲያ አስቀምጣ ራሷ ሞተሩ ላይ ወጣች። «ጎተራ ውስጥ መቀመጥ መሄድ አይደለም። በል ለካ።»

አሞርዛተሩ ቁጭ አለ፣ ፊቱ ቀና አለ፣ አንገቱ ይብሱን ተጋደመ። ሲክስተን ሲባጎውን ዘረጋ፣ ከጎማው እምብርት ቱንቢ ጣለ፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ከዚያም እንደተንበረከከ ቀረ።

«ምን ያህል ነው የረዘመው?»

«ትንሽ ነው።»

«እንደ ጆንያዋ ትንሽ?»

አራት ጣት ያህል ነበር። አዲስ ማቀፊያ ለመሥራት ጊዜ የለም። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፦ ቡሎኖቹን አላልቶ ቱቦዎቹን በማቀፊያው ውስጥ ወደ ላይ መሳብ፤ ያኔ ፊቱ ይወርዳል፣ ቅድሚያውም ያጥራል። ነገር ግን የቱቦዎቹ ጫፍ ከመሪው በላይ ስንዝር ያህል ብቅ ይላል። ያንን ያየ ሁሉ ሲክስተን ሹካ እንዳሳጠረ ያውቃል፤ መጀመሪያ የሚያየውም ኤቨርት ነው። ብቻውን ቢሄድ ግን የሚነካ ነገር የለም፤ የመንደሩ ረጅም ሹካ የእሱ እንደሆነ ይቀራል።

ደወሉ መደወል ጀመረ። ዮርዲስ ጓንቷን አላወለቀችም።

«የቡሎኑን መፍቻ አቀብዪኝ» አላት ሲክስተን።

ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አግኔታ ቱሊፖቿ ፊት እጆቿን ዘርግታ ቆመች። ሲክስተን እግሩን ሳያወርድ፣ ዮርዲስ ከኋላው እንደ ንግሥት ተቀምጣ፣ ማማውን ዞረ። ስለ ጣፈጠው ደገመው። ቄሷ ባረከቻቸው፤ እጆቿንም ያን ጊዜ ሰበሰበች።

ኤቨርት ግን ዓይኑ ቱቦዎቹ ላይ ነበር። ቀረብ ብሎ በጣቱ ስንዝሩን ለካ።

«ሲክስተን፣ ዓይኔ ነው ወይስ አሳጥረኸዋል?»

ሲክስተን ሆዱን መታ መታ አደረገ። «በበረዶው ወራት ወፈርኩ» አለ። «ኋላው ሰመጠብኝ፤ ፊቱን ማውረድ ግድ ሆነ።»

ኤቨርት እንደ ሚስማር የቀጠነውን ወገቡን አየ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ኋላ መቀመጫው ሄደ፣ አፉም ተከፈተ።

ዮርዲስ የራስ ቁሯን መስታወት ቀስ ብላ ከፈተች። «የምትለው ነገር አለ፣ ኤቨርት?»

«ኧረ የለም። ሲክስተን እውነትም በጣም ወፍሯል።»

መስታወቱን መልሳ ዘጋች፣ በሁለት እጇ የባሏን ቀጭን ወገብ አቀፈች።

«ንዳ፣ ወፍራሙ» አለችው።