ስማዳ የቀረችው እኔ

አዋላጅ ነርስ ነኝ። መጀመሪያ እስቴ፣ ቀጥሎ ስማዳ፣ አሁን ደግሞ ንፋስ መውጫ። በተዛወርኩ ቁጥር አዲስ የሥራ አካውንት ይከፈትልኛል፤ ኢሜይሌ ግን ያው አንዱ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን በከፈትኩ ቁጥር ስሜን ሦስት ቦታ ደርድሮ በየትኛው ትገቢያለሽ ይለኛል። ሥራ ፈት፣ እያልኩ የንፋስ መውጫውን እጫናለሁ።

ጉም መስኮቱን የሸፈነበት አንድ የክረምት ጠዋት እጄ ስቶ የስማዳውን ነካሁ። ከለቀቅኩት ሁለት ዓመት ስላለፈው ባዶ ይሆናል ብዬ ነበር። «ዛሬ ንጋት ላይ፣ ሴት ልጅ፣ እናት በሰላም ተገላግላለች» ይላል። በመዝገቡ መሠረት ያዋለድኩት እኔ ነኝ። በዚያው ሳምንት መንታም አዋልጃለሁ። ወደ ኋላ ባገላብጥ ባገላብጥ ማለቂያ የለውም። አስተያየቱ ሳይቀር እንደኔው አጻጻፍ «ደክማለች፣ አጥሚት ይሰጣት» ይላል። አማተብኩ። ቀጥሎ ንዴቱ መጣ። በስሜ የምትሠራው ማን ናት?

ቅዳሜ በሚኒባስ ስማዳ ወረድኩ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሕፃን የታቀፈች ሴት አግኝቼ አዋላጇ አለች ወይ አልኳት። አለች ብላ የራሴን ስም ነገረችኝ፤ አሁን ከእሷ ዘንድ መውጣቷ ነው። አመስግኛት ገባሁ።

ውስጥ ያገኘኋት በኔ ቦታ የተመደበች ቀጭን ልጅ ናት። አዲስ እስኪከፈትልሽ ለጊዜው በዚህ ሥሪ ብለው የኔን አካውንት ሰጥተዋት፣ ለጊዜው የተባለው ሁለት ዓመት ሆነ። ካርዱ ላይ የሚታተመው የኔ ስም ስለሆነ ወላዶቹም በዚያው ለምደዋታል። እናቷ አልጋ ላይ ስለዋሉ ወደ አገሯ መዛወር ትፈልጋለች። ለዝውውሩ ግን የሠራችው ሥራ መታየት አለበት፤ ሲታይ ደግሞ በራሷ ስም አንዲት ሴት እንኳ አላዋለደችም።

«በራሴ ስም ሲጠሩኝ ዞር ማለት ትቻለሁ፣ ሲስተር» አለችኝ። «ሌላ ሰው የጠሩ ነው የሚመስለኝ።»

ንዴቴ በነነ። ኮምፒዩተሩን ለሚከታተለው ባለሙያ ደወልኩ። የተመዘገበ ሥራ ከኢሜይሉ አይላቀቅም አለኝ። ለእሷ አዲስ ቢከፈት ከባዶ ትጀምራለች። ኢሜይሉ በእሷ ስም ይሁን ከተባለ ደግሞ ሦስቱም ላይ ይቀየራል፤ የእስቴውም የንፋስ መውጫውም ልፋቴ የእሷ ይሆናል።

«የማንን ስም ልጻፍ?» አለ።

ይህን ጊዜ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ መጣች። ከበሩ ጀምራ ስሜን እየጠራች ታቃስታለች። ልነሳ ስል ልጅቷ አቤት ብላ ሄዳ ነበር። ሴትዮዋ በአጠገቤ አልፋ የልጅቷን አንገት ጥምጥም አድርጋ ያዘች። እኔን ያየኝ የለም። ፈራሁ፤ ከፍርሃቴ በላይ ግን ልጅቷ አሳዘነችኝ።

«የእሷን ጻፈው» አልኩት ስልኩ ላይ የሚጠብቀኝን ባለሙያ።

ሰኞ ንፋስ መውጫ ኮምፒዩተሬን ስከፍት ሦስቱም ቦታ የልጅቷ ስም ተደርድሯል። የኔን ፈለግኩት፤ የለም። አዲስ እስኪከፈትልኝ በዚሁ እንድሠራ ተነግሮኛል። በሩ ላይ እርጉዞች ተሰልፈዋል። የመጀመሪያዋ ካርዷን ተቀብላ ስሙን ቀስ ብላ አነበበችና በዚያው ጠራችኝ።

«አቤት» አልኳት።