የሰነፉ ወታደር ለቅሶ

ፍሪድሊ ከተማ ባለው የሕክምና ዕቃ ፋብሪካችን የበሽተኛ ልብ ድረስ የሚገቡ ቀጫጭን ቱቦዎች ስንገጣጥም፣ አጠገቤ የምትቀመጠው አንዲት እንግሊዛዊት ነበረች። እሷ አሜሪካዊ አግብታ ሚኒሶታ ስትመጣ፣ ልጇ እንግሊዝ አገር አያቱ ዘንድ ቀረ፤ በየዓመቱ እየሄደች ታየው ነበር። አደገ፣ ወታደር ሆነ፣ ኢራቅ ላኩት፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ባስራ ላይ ተገደለ። ሄዳ ቀበረችውና በሳምንቱ ሥራ ገባች። አለቃችን የሐዘን ካርድ ሁላችንንም አስፈርሞ ሰጣት፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ልጁ ትንፍሽ ያለ የለም። የእኔ ድመት ብትሞት እንኳ ከዚያ የተሻለ ይለቀስላት ነበር። ድመት የለኝም እንጂ።

ይህን ለባለቤቴ ብነግራት እራቷን ትታ ተነሣች። «ለቅሶ ያልተደረሰላት ሴት አጠገብ ቁጭ ብለህ ስትቀልድ ትውላለህ?» አለችኝ። በነጋታው ሲዋርድ ሰፈር ያለውን አበሻ በሙሉ በስልክ አዳረሰችው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድፎ ዳቦ፣ ምስር ወጥና ሻይ በፔርሙስ ይዘን ኒው ሆፕ ወዳለው አፓርታማዋ ዘመትን። ለቅሶ በቀጠሮ አይደረስምና የደወለላት የለም። እኔ አንዳንዴ ከሥራ ስንወጣ በመኪናዬ ራይድ ስለምሰጣት ቤቷን አውቃለሁ፤ የተወሰድኩትም ለዚሁ ብቻ ነው። ቀልድ እንዳልናገር ባለቤቴ መኪና ውስጥ አስምላኛለች።

በሩን ስትከፍት ኮሪደሩን ጥቁር የለበሰ ሕዝብ ሞልቶታል። ሕንጻው የተቃጠለ መስሏት ጫማዋን ፍለጋ ዞረች። ለምን እንደመጣን ስትረዳ ቀላች፣ ነጣች፤ በመጨረሻም እንግሊዝ ናትና ሻይ ላፍላ ብላ ወደ ኪችን ሮጠች። እኛ ዘንድ ደግሞ ሐዘንተኛ አያስተናግድም። ሴቶቻችን ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ለማስጣል ያደረጉት ትግል ጄኔራል የሚያስፈልገው ነበር።

ወንበር ስላልበቃ ምንጣፉ ላይ ተደረደርን። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት የወሎዋ እማማ እንግሊዝኛ አያውቁምና በባለቤቴ በኩል ጠየቁ፦ «ልጄ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»

ሴትዮዋ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው እንዳልነበረ ያስታውቅባታል። ሰነፍ ነበር አለች። እኩለ ቀን ካልሆነ ከአልጋው አይወርድም። ካልሲውን ፍሪጅ ላይ ይረሳል። የጎረቤት ውሻ ካየ ፈርቶ አጥር ይዘላል። ወታደር ቤት የገባውም ጓደኛው ስለገባ ነው።

ባለቤቴ ተጨነቀች። የሞተ ሰው እንዲህ ይባላል? ስለዚህ፣ ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣ፣ ቤት የሚያሰናዳ፣ አውሬ የማይፈራ፣ ለአገሩ ሲል የዘመተ ብላ ተረጎመችው። በማጋነን የሚስተካከለኝ የለም ብዬ ስኮራ፣ ለካ መምህሬ ቤቴ ተቀምጣለች። እማማ «አይ አንበሳ!» ብለው ደረታቸውን ደቁ፤ ምንጣፉ ላይ ያለው ሁሉ ተከተላቸው።

እንግሊዛዊቷ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። «ስለ ካልሲው ብነግራቸው ለምን ያለቅሳሉ? ሚስትህ ምን ብላቸው ነው?»

ባለቤቴ በዓይኗ ገደለችኝ። ፔርሙሱን አንሥቼ ሻይ መቅዳት ጀመርኩ።

«እባክህ» አለች እንግሊዛዊቷ። «ጦሩ ጀግና ብሎ ቀበረው፣ ቄሱም ጀግና አለው። ልጄን የሚያውቀው አጥቼ ነው የተመለስኩት። እዚህም ሌላ ሰው አታድርጉብኝ።»

እውነቱ ራሱ ቀልድ ነበርና መሐላዬን አፈረስኩ። እኩለ ቀኑን፣ ካልሲውን፣ ውሻውን፣ ጓደኛውን፣ አንድ ሳልጨምር ለእማማ ነገርኳቸው፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። የሻሻቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ እንደያዙ ቆዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነው።

«ውሻ እየፈራ ነው ጦር ሜዳ የሄደው?»

ተረጎምኩላት። እሷም ሳቀች። አንድ ቀን ሱሪው አጥሩ ላይ ቀርቶ በፓንት ቤት እንደገባ ልትጨምር ጀምራ፣ መሐል ላይ አቋረጠችው። ጮኻ አለቀሰች።

እማማ ሄደው አጠገቧ ተቀመጡና ራሷን ደረታቸው ላይ አስደገፉት። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «አንቺ አንበሳሽን ያዢ» አሏት። «እኔ የማለቅሰው ለዚህ ለውሻ ፈሪው ነው።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ፣ ምን አሉ አለች። ባለቤቴ አፍንጫዋን ጠረገችና ቃል በቃል ተረጎመችላት።